ጉግል ራሱ ከመለሰ የኔ ዌብሳይት ምን ይሠራል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሀዋሳ የመጡ ናቸው። እኔም እዚሁ ከተማ የሆቴል፣ የክሊኒክና የሱቅ ዌብሳይት እየሠራሁና እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ብዙዎቹን ጥያቄዎች ደንበኞቼም በየሳምንቱ ያነሱልኛል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ከበዓል ቀናት በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ፣ ሐይቁ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አለኝ። ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጡ እንግዶች ዌብሳይታችንን አይተው ይደውሉ ነበር። አሁን ስልኩ ቀዝቅዟል። የመጨረሻው ልጄ ጉግል ላይ ሲፈልገን እንደ ድሮው እንወጣለን፣ ሰው ግን አይገባም። "ጉግል ራሱ መልሱን ከላይ ይጽፋል፣ የዌብሳይት ነገር አብቅቶለታል" አለኝ። እውነት ነው? የዓመቱን ክፍያ ልክፈል ወይስ ልተወው?
*የፔንሲዮን ባለቤት፣ ሐይቅ ዳር*

እናቴ፣ ይክፈሉ። ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይትዎ ስም፣ አንዴ ከእጅ ከወጣ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። ከዚያ በኋላ መልሶ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ልጅዎ ያለው ግን ግማሹ እውነት ነው። ጉግል በግንቦት 2024 ኤአይ ኦቨርቪው የሚባለውን ነገር አሜሪካ ውስጥ ጀመረ። ሰው ጥያቄ ሲጽፍ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከተለያዩ ገጾች አንብቦ አጠር ያለ መልስ ከላይ ያስቀምጣል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከ100 በላይ አገሮች ገባ። በግንቦት 2025 ደግሞ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች፣ ከ40 በላይ ቋንቋዎች ደረሰ። በዚያው ወር ኤአይ ሞድ የተባለው ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች ተከፈተ። እሱ እንደ ወሬ እየተጠየቀ፣ እየተመለሰ የሚሄድ ፍለጋ ነው።

ታዲያ ሰው መልሱን እዚያው ካገኘ ለምን ብሎ ወደ ዌብሳይት ይገባል? ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል 900 አሜሪካውያን በመጋቢት 2025 ያደረጉትን ፍለጋ አጥንቷል። የኤአይ ማጠቃለያ በወጣበት ጊዜ ሰዎች ከታች ወዳለ ገጽ የገቡት 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማጠቃለያ ባልነበረበት 15 በመቶ ነበር። ማጠቃለያው ውስጥ ያለውን ሊንክ የነኩት ደግሞ 1 በመቶ ናቸው። ወደ ገጾች መግባት በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው።

አሁን ግን የቀረው የትኛው እንግዳ እንደሆነ እንይ። "ሀዋሳ ምን ይታያል?" ብሎ የሚፈልግ ሰው አለ። አሞራ ገደል፣ ታቦር ተራራ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ጉማሬ። ይህን ሁሉም ጽፎታል። ኤአይ በሦስት መስመር ይጨርሰዋል። ያ ሰው ድሮም ገብቶ አይቶ ይወጣ ነበር እንጂ ክፍል የሚይዘው ጥቂቱ ነው። ሌላው ደግሞ "ሀዋሳ ሐይቅ አጠገብ፣ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ሚኒባስ የሚያስገባ ግቢ ያለው ማረፊያ" ብሎ ይጠይቃል። ሰው ከኤአይ ጋር ማውራት ሲለምድ ጥያቄው እንዲህ እየረዘመ ነው የመጣው። የዚህ ሰው መልስ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ግን ገጽዎ ላይ ተጽፎ ካልተገኘ ማንም አያነበውም።

የላኩልኝን አድራሻ ከፍቼ አየሁት። "ምቹ ክፍሎች፣ ማራኪ እይታ፣ ጥሩ መስተንግዶ" ይላል። ይህን የማይል ማረፊያ ከተማው ውስጥ የለም። ዋጋውና የክፍሎቹ ዓይነት ያለው ደግሞ ፎቶ ተደርጎ በተለጠፈ ብሮሹር ላይ ነው። ጉግል ፎቶ ውስጥ ያለን የአማርኛ ጽሑፍ በትክክል ያነብልኛል ብለው አይተማመኑ። ብሮሹሩ ይቅርና በፊደል ይጻፍ።

ምን ይጻፍ? እንግዳ ደውሎ የሚጠይቅዎትን ሁሉ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ሙቅ ውሃ ሁሉም ክፍል አለ ወይስ ታችኛው ፎቅ ብቻ? የጾም ቁርስ አለ? በቴሌብር ይከፈላል? ከሁሉ በላይ ስለ ገብርኤል ይጻፉ። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማችን አፍ እስከ ገደፏ ስትሞላ አልጋ ከስንት ቀን በፊት መያዝ እንዳለበት፣ ቅድሚያ ስንት እንደሚከፈል፣ ከእናንተ ግቢ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ። ይህን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢያስቀምጡ ኤአይም የሚጠቅሰው ነገር ያገኛል፣ እንግዳውም ለመደወል ምክንያት ይኖረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማረፊያ ፈላጊ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ካርታውን ነው። ጉግል ማፕ ላይ ያለው የቢዝነስ ፕሮፋይል በስምዎ ነው? ስልኩ አሁን የሚሠራው ነው? ፎቶዎቹ የዘንድሮ ናቸው? እንግዳ ሲሸኙ አስተያየት እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ፣ ነውር የለውም። በቅናሽ ወይም በገንዘብ ማስጻፍ ግን በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። ቅሬታ የጻፈ እንግዳ ካለም በትህትና ይመልሱለት። ቀጣዩ እንግዳ የሚያነበው ያንን መልስ ነው።

የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ዌብሳይት አለኝ። ሰርች ኮንሶል (ዌብሳይት ጉግል ላይ ስንት ጊዜ እንደታየና እንደተነካ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) ላይ ከመስከረም 2025 አጋማሽ ጀምሮ የታየንበት ቁጥር ገደል ገባ። ክሊኩ ግን ብዙም አልተለወጠም። ተቀጥተን ይሆን?
*ከፒያሳ*

አልተቀጣህም። እንቅልፍህን ተኛ።

ያኔ የሆነው ይህ ነው። ድሮ የጉግል አድራሻ ላይ ትንሽ ነገር በመጨመር በአንድ ገጽ 100 ውጤት ማስወጣት ይቻል ነበር። ዌብሳይት ጉግል ላይ ስንተኛ እንደሚወጣ የሚለኩ ሮቦቶች፣ ማለትም በራሳቸው ገጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች፣ በዚህ መንገድ ነበር ሲያስሱ የሚውሉት። አንተ 87ኛ ላይ ብትሆንም ሮቦቱ ገጹን ሲከፍት "ታየ" ተብሎ ይመዘገብልህ ነበር። በዚያ መስከረም ጉግል ይህን መንገድ ዘጋው። የጠፋው በአብዛኛው የሮቦት ዕይታ ነው። አማካይ ደረጃህ በዚያው ሰሞን የተሻሻለ መስሎ ከታየህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ከዚያ በኋላ ካለው ጋር አታወዳድር። ክሊክህን፣ ከዚያም በላይ ስንት ሰው ለሥራ እንዳመለከተ ተከታተል።

ወንድሜ፣ ነርስ ነኝ። ስለ ሕፃናት አመጋገብ በአማርኛ የምጽፍበት ዌብሳይት አለኝ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ከእንግሊዝኛ በኤአይ ተተርጉሞ የሚለጠፍ ጽሑፍ በዝቷል፤ አንዳንዱ ገጽ በቀን በርካታ ጽሑፍ ይለቃል፣ እኔ በወር ሁለት ብጽፍ ነው። ሁለተኛ፣ እናቶች በየትኛው አጻጻፍ እንደሚፈልጉኝ አላውቅም። ተስፋ ልቁረጥ?
*ከመናኸሪያ አካባቢ*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ የያዝሽው ነገር አማርኛ ኢንተርኔት ላይ በጣም የሚያስፈልገን ነገር ነው። እባክሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጉግል በመጋቢት 2024 የአይፈለጌ ጽሑፍ ደንቡን አጥብቋል። ለአንባቢ የማይጠቅሙ ገጾችን ደረጃ ለማግኘት ብቻ በገፍ ማምረት ክልክል ሆኗል። በኤአይም ይመረት፣ በሰው እጅ፣ ለደንቡ ልዩነት የለውም። የሚታየው ጥቅሙ ነው። እርግጥ አማርኛ ላይ ይህ ደንብ እኛ በምንመኘው ፍጥነት ሲሠራ አይታይም። ያንቺ መከላከያ ግን እጅሽ ላይ ነው።

የተተረጎሙትን ጽሑፎች እስኪ አንብቢያቸው። "ለልጅዎ ብሮኮሊና ሳልመን ይስጡ" ይላሉ። ሀዋሳ ገበያ ወርዳ ዱባ፣ ካሮት፣ ቦሎቄና አቮካዶ ለምትገዛ እናት ይህ ምን ያደርግላታል? አንቺ ግን ልጅ 6 ወር ሲሞላው አጥሚቱ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ታውቂያለሽ። ማንኪያው ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ ቶሎ ከወረደ ቀጥኗል ማለት እንደሆነ በዓይንሽ አይተሽዋል። ይህን ጻፊ። ፎቶውን በራስሽ ስልክ አንሺ። ጉግል ጽሑፍ የሚገመግሙ ሰዎቹ ከሚመሩባቸው መለኪያዎች ላይ በታህሳስ 2022 አንድ ጨምሯል፤ ጸሐፊው ነገሩን በራሱ ኖሮበታል ወይ የሚል ነው። ጤናን በሚመለከት ጽሑፍ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ስለዚህ ስምሽንና ነርስ መሆንሽን በየጽሑፉ ራስጌ አስቀምጪ። "ስለ እኔ" የሚል ገጽ ክፈቺና ስንት ዓመት እንደሠራሽ፣ በየትኛው ክፍል እንደሠራሽ ንገሪን። ጽሑፉ የተሻሻለበትን ቀን ጻፊ። ቀን ብቻ ቀይሮ አዲስ ማስመሰል ግን አንባቢን ማታለል ስለሆነ አንቺ ዘንድ እንዳይደርስ።

በወር ሁለት ጽሑፍ በቂ ነው። ይልቅ የቆዩትን እየከፈትሽ አዳብሪያቸው።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ ነገሩ ሰፊ ነው። አንዷ እናት "ሕፃን" ትላለች፣ ሌላዋ "ህፃን"፣ ሌላዋ "ህጻን"፣ "ሕጻን" የምትልም አለች። ከተማችንም ያው ነው፤ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ጉግል ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ይቆጥርልኛል ብለሽ አትተማመኚ። ለየአጻጻፉ የተለያየ ገጽ መክፈት ግን ትልቅ ስህተት ነው። አራት ደካማ ገጾች ይኖሩሻል፣ እርስ በርስ ይሻማሉ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል። እንዲህ አድርጊ። ሰርች ኮንሶል ነፃ ነው። የፍለጋ ቃላቱን ዝርዝር ክፈቺና ሰው በየትኛው እንደመጣ እዪ። ብዙዎቹ የተጠቀሙበትን ርዕስሽ ላይ አድርጊ። ሌላውን ጽሑፉ መሀል በተፈጥሮ በሚገባበት ቦታ አስገቢ። የፎቶ መግለጫ ለዚህ ይመቻል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉ እናቶችም አሉ። ለእነሱ የገጹን አድራሻ በላቲን አድርጊው።

አድራሻ ካነሳን አይቀር፣ በፊደላችን አታድርጊው። ምክንያቱን በቅርበት ላሳይሽ። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ሆሄ ይተካል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። "ሀዋሳ" የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል 27 ምልክት ሆኖ ይወጣል። የጽሑፍሽ ርዕስ 30 ፊደል ቢሆን ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ሊንክ ግማሽ ስክሪን የሚሞላ ትርጉም የለሽ ኮተት ነው። ደረጃሽን አይቀንሰውም። ሰው ግን እንዲህ ያለ ሊንክ መንካት ይፈራል።

አሮጌ ጽሑፎችሽንም ፈትሺ። በዱሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በኮምፒውተር የተጻፈ ነገር ካለሽ ኮፒ ስታደርጊው ዝብርቅርቅ ላቲን ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ምንም መፈለጊያ አያነበውም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በዩኒኮድ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም በትክክል ይነበባል ብለሽ አትተማመኚ።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ አለኝ። አንድ ድርጅት ደውሎ "ጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ በዋስትና እናወጣሃለን፣ ቻትጂፒቲም እንዲጠራህ ለኤአይ የሚሆን ልዩ ፋይል እንሠራልሃለን" አለኝ። የጠየቁት ብር ቀላል አይደለም። ልክፈል?
*ከአዲስ ከተማ*

አትክፈል ወንድሜ። ብርህን ያዝ።

ጉግል ላይ አንደኛ ለመውጣት ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም። ይህን የሚለው ጉግል ራሱ ነው፣ ለዌብሳይት ባለቤቶች በጻፈው መመሪያ ላይ። "ዋስትና" የሚለውን ቃል ከሰማህ ስልኩን ዝጋ።

ልዩ ፋይል ያሉህ በመስከረም 2024 የቀረበ ሐሳብ ነው። ዌብሳይትህን ለኤአይ የሚያስተዋውቅ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ነው። መኖሩ አይጎዳም። ጉግል ግን በኤአይ መልሶቹ ውስጥ ለመግባት ልዩ ፋይልም ልዩ ኮድም አያስፈልግም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ገጽህ በጉግል ከተመዘገበና ከሥሩ አጭር መግለጫ እንዳይወጣ ካልከለከልክ ብቁ ነህ። በየጊዜው እንዲህ ያለ "ምስጢር" ይሸጣል። ቁልፍ ቃላትን በኮድ ውስጥ መደርደር ዛሬም የሚሸጥ አለ፤ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 ነው። የጥያቄና መልስ ኮድ የሚሸጡም አሉ። ያ ኮድ ጉግል ላይ ያመጣ የነበረው ልዩ አቀማመጥ በነሐሴ 2023 ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ገጾች ብቻ ተገደበ።

ቻትጂፒቲ እንዲያገኝህ ከፈለግህ ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ቻትጂፒቲ ሰርች የተባለው፣ ኢንተርኔት እየፈለገ የሚመልሰው አገልግሎቱ የተከፈተው በጥቅምት 2024 መጨረሻ ነው። የካቲት 2025 ላይ ያለ አካውንት ለሁሉም ተከፈተ። ገጾችን ከሚያስሱ ሮቦቶቹ ሁለቱን ለይተህ እወቅ። አንዱ ለሥልጠና ጽሑፍ ይሰበስባል፣ ሌላው ለፍለጋ። ብዙ ሰው "ኤአይ ጽሑፌን አይስረቀኝ" ብሎ ሁለቱንም ይዘጋል። ከዚያ ለምን አልተጠቀስኩም ይላል። ለሥልጠና የሚመጣውን ብትዘጋ የፍለጋው አይነካም። ይህ የሚወሰነው ዌብሳይትህ ሥር ባለው የሮቦት መመሪያ ፋይል ላይ ነው። የሠራልህን ልጅ አሳየኝ በለው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ክላውድፍሌር (ዌብሳይትን የሚጠብቅና የሚያፈጥን አገልግሎት) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ እዚያም ግባና እይ። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለሚመዘገቡ አዲስ ዶሜይኖች የኤአይ ሮቦቶችን መዝጋት መደበኛ ምርጫው አድርጎታል። ባለቤቱ ሳያውቀው ተዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል።

ቢንግ በሚባለው የማይክሮሶፍት መፈለጊያ ላይም ተመዝገብ። ሀዋሳ ውስጥ ቢንግ የሚጠቀም ሰው ብዙም ላይኖር ይችላል። ቻትጂፒቲ ግን ፍለጋውን ሲጀምር ከተጠቀመባቸው ምንጮች አንዱ የቢንግ ማውጫ ነው። ምዝገባው ነፃ ነው።

ያንን ብር ከምትከፍል የዕቃዎችህን ገጽ ሙላ። "ፍሪጅ አለ" ማለት ምን ይጠቅማል? ስንት ሊትር ነው? ስንት ዋት ይጎትታል? መብራት ሲዋዥቅ ስታቢላይዘር ይፈልጋል? ዋስትናው ስንት ወር ነው፣ ሲበላሽ የሚጠገነው እዚሁ ነው ወይስ አዲስ አበባ ተልኮ? ይህን ደንበኛ ሱቅህ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅህ ትመልሳለህ። ያንኑ ጻፈው።

ቡና ወደ ውጭ እንልካለን። ዌብሳይታችን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በሲዳምኛ ነው። ቋንቋውን መቀየሪያ አዝራር ስንነካ ጽሑፉ ይለወጣል፣ አድራሻው ግን አንድ ነው። ጉግል ላይ የሚወጣው እንግሊዝኛው ብቻ ሆነ። ለምን?
*ቡና ላኪ*

ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል። አድራሻው አንድ ስለሆነ ነው። የጉግል ሮቦት አዝራር እየነካ ቋንቋ አይቀይርም። መጀመሪያ የተከፈተለትን ያነባል፣ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አድራሻ ይሠራለት።

ከዚያ ባለሙያው የሦስቱን ገጾች ዝምድና በኮድ ያሳውቃል። እዚህ ላይ እንደ እኛ ባለ አካባቢ የሚገጥም ችግር አለ። ጉግል በዚህ ኮድ የሚቀበለው ባለ ሁለት ሆሄ የቋንቋ ምልክቶችን ነው። አማርኛና ኦሮምኛ አላቸው። ሲዳምኛ ያለው ባለ ሦስት ሆሄ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ኮድ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ያገናኙ። ሲዳምኛውን ደግሞ ከየገጹ ራስጌ በሚታይ ተራ ሊንክ ያገናኙት። ጉግል የገጽን ቋንቋ የሚለየው ከሚታየው ጽሑፍ ስለሆነ ገጹ ከመመዝገብ አይከለከልም። ግማሹን ሲዳምኛ ግማሹን እንግሊዝኛ አድርጎ መተው ግን ያደናግረዋል። የሲዳምኛውን ገጽ በኤአይ አያስተርጉሙት። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይጻፈው። ገበሬዎቻችሁ የሚያነቡት እሱን ነው።

የጥርስ ክሊኒክ ዌብሳይት እከታተላለሁ። ቢሮ በዋይፋይ ሲከፈት ቶሎ ይመጣል። ታካሚዎች ግን "አልከፍት አለን" ይላሉ።
*ከታቦር*

ታካሚዎቹ የሚሉትን እመኛቸው። በዳታ፣ በመካከለኛ ስልክ ከፍተሽ እዪው።

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባል የጉግል ነፃ መለኪያ አለ፣ አድራሻውን አስገቢ። ከሚያወጣልሽ ቁጥሮች ሦስቱን እዪ። ዋናው ነገር ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ከ2.5 ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። አዝራር ሲነካ ገጹ ምላሽ እስኪሰጥ ከ200 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ይህኛው የቀድሞውን መለኪያ ተክቶ የገባው በመጋቢት 2024 ነው። ሦስተኛው ገጹ ሲከፈት ጽሑፉ ወደላይ ወደታች እየዘለለ እንዳያስቸግር ነው፣ ከ0.1 በታች ይሁን።

ያንቺን ከፍቼ አየሁት። ችግሩ ከላይ የሚንሸራተቱት ፎቶዎች ናቸው። ከካሜራ እንደወጡ ነው የተጫኑት። እንዲህ ያለ አንድ ፎቶ ከ4 እስከ 6 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በስልክ ስፋት ልክ ተቆርጦ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት ቢቀመጥ 200 ኪሎባይት ሳይሞላ በስልክ ላይ ጥራቱ የቀነሰ አይመስልም። አምስቱን አንሺና አንድ ብቻ አስቀሪ። እሱም የክሊኒኩ መግቢያ በር ይሁን፣ ሰው ሲመጣ እንዲለየው። ከፎቶው በላይ ስልክ ቁጥሩን በሚነካ አዝራር አድርጊው። ጥርሱን የሚያመው ሰው የሚፈልገው ያንን ነው።

ጉግል ገጾችን የሚገመግመው በስልክ እንደሚታዩት ነው። ከሐምሌ 5፣ 2024 ጀምሮ በስልክ ጭራሽ የማይከፈት ገጽ አይመዘግብም። እና ይህ የደረጃም ጉዳይ ነው። ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ ታካሚዋ በሌሊት ሕመሟን ይዛ፣ ያለቻትን ጥቂት ሜጋባይት በማይረባ ፎቶ ጨርሳ መቅረቷ ነው።

የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኛ የሚመጣልኝ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ነው። ዌብሳይት ያስፈልገኛል?
*ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ*

ዛሬ ሥራሽ ሞልቶ ከሆነ አትቸኩይ። ቲክቶኩን አትተዪ፣ ወጣቱ ዕቃ የሚፈልገው እዚያው ገብቶ ሆኗል። ቪዲዮሽ ሥር "ሀዋሳ" እና የልብሱን ዓይነት በጽሑፍ ጨምሪ፤ መፈለጊያው የሚይዘው እሱን ነው።

አንድ ገጽ ያለው ዌብሳይት ግን በራስሽ ዶሜይን ቢኖርሽ ደስ ይለኛል። ጉግል ለነጋዴዎች በነፃ ይሰጠው የነበረውን ቀላል ዌብሳይት በመጋቢት 2024 ዘግቶታል። ሌላ ገጽ ያልነበራቸው ሰዎች አድራሻቸውን አጡ። የሰው ቻናል ላይ ብቻ ያለ ሥራ እንዲህ ሊገጥመው ይችላል።

ገጽሽ ላይ ሦስት ነገር ይኑር። ልኬት እንዴት እንደሚላክ፣ ከነፎቶው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ሜትሩ የት ላይ እንደሚያርፍ። ልብሱ በስንት ቀን እንደሚደርስ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ትዕዛዝ መቀበል የምታቆሚበትን ቀን ለይተሽ ጻፊ። ሦስተኛው ዋጋ ነው። "ዋጋ በውስጥ መስመር" አትበዪ። ውጭ አገር ሆና ለእህቷ ሠርግ ልብስ የምትፈልግ ሴት በሌሊት ነው የምትፈልገው፣ አንቺ ተኝተሽ። መነሻ ዋጋውንና መላኪያውን አይታ ካልወሰነች ወደሚቀጥለው ገጽ ትሄዳለች።